ከባድ ምላጭ

ሽጉጥ ለመምረጥ ሦስት ቅዳሜ የፈጀ ሰው ቢኖር ይህ ሽማግሌ ነው። ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ባለው የጦር መሣሪያ መሸጫ ሽጉጥ የሚያስተካክለው ጅሬኛ የሚባል ወጣት እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቶ አያውቅም። ሌላው የዒላማ ተኩስ ተወዳዳሪ ስለ ቀለሙና ስለ እጀታው ሲጨቀጭቀው ይውላል። ይህኛው ኮቱን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ ይቆማል፤ ሽጉጥ በሰጡት ቁጥር ካዝናውን አውጥቶ፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑ አይቶ፣ አላምን ብሎ ደግሞ በትንሿ ጣቱ ይዳብሳል። በመጀመሪያው ቀን፣ "ክብ ዒላማ ላይ ብቻ ነው የምወዳደረው፤ ሰው የተሣለበት ላይ አልተኩስም" ብሎ ነበር።

ዛሬ መረጠ። "ምላጩን አስተካክልልኝ" አለ።

ጅሬኛ ሚኒሶታ የመጣው በልጅነቱ ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። በአማርኛ የሚያውቀው ምላጭ የጢም መላጫውን ብቻ ነው።

"አባባ፣ ምላጭ እንኳ ፋርማሲ ነው የሚያገኙት" አለው።

ሽማግሌው አልሳቀም። ሌባ ጣቱን አየር ላይ አጠፈ።

"ኦ፣ ትሪገሩን! ላይት ላድርግልዎ? ተወዳዳሪ ሁሉ ላይት ነው የሚያስደርገው። ገና ነካ ሲያደርጉት ይተኩሳል።"

"አክብደው።"

"ከከበደ እኮ ይሸነፋሉ።"

"ልሸነፍ። ወታደር ሳለሁ ሌሊት ዘብ የቆምኩበት ጠመንጃም ገና ነካ ሲያደርጉት ነበር የሚተኩሰው።"

ጅሬኛ የስፕሪንጎቹን ሳጥን ከፈተ። "ምን ያህል ላክብደው?"

ሽማግሌው ያጠፈውን ጣት እስካሁን አልዘረጋውም።

"አንድ ሰው 'እኔ ነኝ' ብሎ እስኪጨርስ።"