ተቀባይ ያጣ ጽዋ

ባዘዘው ጠላውን ራሱ ጠመቀ። ሚስቱ ሥራነሽ ካረፈች ወዲህ ጓዳው ወና ነው። ወንድ ልጅ ጋን በወይራ ሲያጥን ቢታይ የመንደር መሳቂያ በሆነ ነበር፤ ግን የሚያይ የት አለና! ከጎረቤቱ ግማሹ ጣልያንን ሊወጋ ዱር ገብቷል፤ ግማሹ ጎጆው ተቃጥሎበት ተሰዷል።

በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ጠላውንና ድፎውን በአህያ ጭኖ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ጽዋውን ግን በነጠላ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። አያቱ የጠጡበት የማኅበር ጽዋ ነው። በየዓመቱ እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ማኅበርተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ወይራው ሥር ይሰበሰባሉ። ባለተራው ከአዲሱ እህል ይደግሳል፤ ሲበላ ሲጠጣ ይዋልና ጽዋው ለከርሞው ደጋሽ ተሰጥቶ እስከ ቤቱ በእልልታ ይሸኛል። ተቀባይ ከጠፋ ያው ሰው ይደግማል። ባዘዘው ጣልያን ከገባ ወዲህ ሲደግም ኖሯል። አምና መርጌታ አካለ ወልድ፣ "ለከርሞም ተቀባይ ካጣህ ጽዋውን ዕቃ ቤት እናስገባዋለን። ማኅበር በአንድ ሰው አይቆምም" ብለውት ነበር።

"አይቆምም አሉ!" እያለ መንገዱን ሙሉ ለአህያዋ ሲያወራ ሄደ። መቼም ሌላ የሚያናግረው የለ።

በዓሉም በዓል አይመስልም። አውሮፕላን ይመጣል እየተባለ ሰዉ ተሳልሞ ቶሎ ተበተነ። መርጌታ ድፎውን ባርከው ቆረሱና አጠገቡ ተቀመጡ። ባዘዘው ለሞቱትም ለጠፉትም ዋንጫ ደርድሮ ጠበቀ። ሰው ናፈቀው፤ የሚሰድበውም ቢሆን።

ጥላው ሲረዝም አንድ ሰው በቅጥሩ በር ብቅ አለ። የጣልያን ካኪ ለብሷል። ጠመንጃውን ከውጭ አስደግፎ ገባ። ደምለው ነው፤ የድሮ ማኅበርተኛ፣ የዛሬ ባንዳ። መንደሩ ሲቃጠል ለወታደሮቹ መንገድ ያሳየው እሱ ነው። የባዘዘው እጅ ወደ ዱላው ሄደ።

"አያ ባዘዘው፣ ዛሬ ጊዮርጊስ አይደል?" አለ ደምለው፣ ቀድሞ ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ።

በማኅበሩ ዕለት የመጣ ሰው አይመለስም። ባዘዘው ጥርሱን ነክሶ ቀዳለት።

መሸትሸት ሲል መርጌታ እንደ ወጉ ተነሥተው፣ "ጽዋ ተቀባይ አለ ወይ?" አሉ። ደግመው ጠየቁ። ባዘዘው ጽዋውን አየ፣ ባዶዎቹን ድንጋዮች አየ፣ ከዚያ ደምለውን።

"እንካ፣ ተቀበል" አለው።

ደምለው እጁን ሰበሰበ። "ይተዉኝ፣ አያ። እኔ ቤት ማን ይመጣል? የወለደችኝ እናቴ እንኳ ደጄን አትረግጥም።"

"እኔ እመጣለሁ" አለ ባዘዘው። "ይቅር አላልኩህም። ግን እመጣለሁ።"

ደምለው በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሌላ ሸኚ ስለሌለ ባዘዘው ብቻውን ከኋላ ከኋላው ተከተለው። ጽዋ ያለ እልልታ አይሸኝምና እሱው ጀመረው፤ ጎርናና ድምፁ ግን መሀል ላይ ተሰበረበት። እንዲያም ሆኖ ሄዱ፣ የደምለው ቤት እስካለበት፣ እስከ ጣልያን ምሽግ በር ድረስ።