ቀርፋፋ ያልኋት ሴት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ ውስጥ ሰሊጥ የሚገዛ ሰው ሰሊጥ አያመሰግንም። ያመሰገንኸው ዕለት ዋጋው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ከጆንያው ትዘግንና ፊትህን ቋጥረህ፣ «ይኼ ሰሊጥ ነው ወይስ የአውድማ ጥራጊ?» ትላለህ። ሻጩም ያውቃል፣ ደላላውም ያውቃል፣ የሚቀየም የለም። እኔም ከመተማ ከተሻገርሁ ጀምሮ በዚህ አንደበት ነው የኖርሁት። ክፋቱ፣ ከገበያ ስወጣ አንደበቱን እዚያው ትቼው አልወጣም ነበር።

መጋዘኔ ውስጥ ሰሊጥ የምታበጥርልኝ አንዲት ከትግራይ የመጣች ስደተኛ ነበረች። አገሯ ላይ የራሷ የሰሊጥ እርሻ ነበራት። እጇን እስከ ክርኗ ጆንያ ውስጥ ትከትና ከግርጌው ትዘግናለች፤ ሁለት ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፤ «ላዩ የዘንድሮ ነው፣ ታቹ የአምና» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። በእሷ እጅ ከስንት አጭበርባሪ አመለጥሁ። አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» ብያት አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከጎረቤቴ ከሱዳናዊው ሐጂ ጋር መጋዘኔ በር ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ «ያቺ ሴትዮህ እንዴት ናት? ለመጋዘኔ ሰሊጥ የሚመረምር ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ሐጂው ትልቅ ነጋዴ ነው፤ ለሠራተኛው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ቤትም ይሰጣል። ከካምፕ ወጥታ ልጆቿን ከተማ ታሳድጋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለመግዛትም ለማስቀረትም የማውቀው ዘዴ አንድ ነው።

«ደህና ናት» አልሁት፤ «ግን ቀርፋፋ ናት። ዓይኗም ደክሟል።»

ያወራነው በዐረብኛ ነበር። እሷ ከጆንያው ክምር ጀርባ ታበጥር ነበር፤ ዐረብኛዋ ከእኔ ይሻላል።

ሰምታኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ጆንያ ውስጥ ከታ ትቆይና፣ «እርስዎ ይዩት፣ ጋሼ። እኔ ዓይኔ ደክሟል» ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ ኩርፊያ መሰለኝ። ኩርፊያ አልነበረም፤ ያልሁትን አምናኝ ነበር። በሳምንቱ የሻገተ ጆንያ አሳለፈች፤ ድሮ ከበር ላይ በጠረኑ የምትለየውን።

ለጾም መግቢያ ንስሐ ስገባ ይህንንም ከሌሎቹ ኃጢአቶች መካከል ወሽቄ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እሳቸው ሌላውን ሁሉ አልፈው እዚህ ላይ ቆሙ።

«ሰሊጥ ሲያጣጥሉት አይሰማም፤ ሰው ይሰማል» አሉኝ። «አንተ እኮ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ሰው ዋጋ ነው የሰበርህ።»

«ስንት ስግደት ልስገድ፣ አባቴ?»

«ስግደትማ ይቀልልህ ነበር። እዚያው ሰውዬ ፊት፣ እሷው ባለችበት፣ እውነቱን ተናገር። ክርስቲያን የወደቀ ያነሣል፤ ይችን ደግሞ የጣልሃት ራስህ ነህ።»

እኔ በርካሽ ልገላገል ሞከርሁ። መጋዘን ውስጥ ብቻችንን ሳለን፣ «የኔ እኅት፣ እንዳንቺ ሰሊጥ የሚያውቅ ገዳሪፍ ውስጥ የለም» አልኋት። ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ሊያባርሩኝ ነው?»

ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ይዣት ሐጂው ዘንድ ሄድሁ። «ያኔ የነገርሁህ ውሸት ነው» አልሁት። «እንዳትወስድብኝ ብዬ ነው። ከእሷ የሚበልጥ መርማሪ አላየሁም።»

ሐጂው ገላመጠኝና ሳቀ። «ወላሂ፣ አንተ ስታመሰግን ዛሬ ገና ሰማሁ! ምን ጉድ ቢኖርባት ነው?»

አልፈርድበትም። በእኛ ገበያ የሚያመሰግን ሻጭ ብቻ ነው። ወደ እሷ ዞርሁ። «እስኪ አሳዪው።»

«ዓይኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«መቼ በዓይንሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት። «አንቺ የምታዪው በእጅሽ ነው።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ ጎንበስ አለችና አጠገቧ ካለው ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ዘገነች፣ በጥርሷ ሰበረች። በመጨረሻ በዐረብኛ፣ «ላዩ የዘንድሮ ነው» አለች፤ «ታቹ የአምና።»

ሐጂው ሳቁን አቆመ። ያን ጆንያ የገዛው በዚያው ጠዋት፣ ሁሉም የዘንድሮ ነው ተብሎ ነበር።

አሁን ከልጆቿ ጋር እዚያው ሐጂው ግቢ ትኖራለች። እኔ በራሴ እጅና በራሴ ጥርስ እየገዛሁ ነው፤ ደህና ሆኖልኛል አልልም። ባለፈው ሰሞን ለሐጂው ልሸጥ ሰሊጥ ጭኜ ሄድሁ። ደላሎቹ ሁሉ ቆመው እያዩ እጇን ከታ ከግርጌው ዘገነችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ እርጥብ ነው። ይመልሱት።»

«እርስዎ ይዩት» አላለችም። ጆንያዬን መልሼ ጫንሁ። እርጥብ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር።