ዓይናችንን ጨፍነን የጠበቅነው

ጥፍር ብረት ላይ ሲጫር ብዙ ሰው ይሰቀጥጠዋል፣ እኔን ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ ያደርገኛል። የምሠራው እዚሁ አዳማ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ላይ ነው፤ ጨርቅ የሚጫንበት ጋሪ የብረቱን በር እየፋቀ ባለፈ ቁጥር ስፌቴን አቁሜ እነሳለሁ። አጠገቤ የምትሰፋው ልጅ መጀመሪያ አካባቢ «ምነው ሐያት፣ እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። ምን ብዬ ላስረዳት? በር ልከፍት ነው የምነሳው።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ እናቴ ዘይነባ፣ ታላቅ ወንድሜ ከድርና እኔ ብቻ ነበርን። አባታችን ሹፌር ነበር፤ እናቴን ከወሎ አምጥቶ አዳማ ላይ ጎጆ ወጣ፣ እኔ በእግሬ መሄድ ሳልጀምር ሞተ። እናቴ ገበያ ውስጥ ሻርፕና ሂጃብ እየሸጠች አሳደገችን። ከድር ከልምምድ ሲመለስ የግቢያችንን የላሜራ በር በመዳፉ መታ፣ መታ ያደርግና መጨረሻ ላይ በጥፍሩ ከላይ እስከ ታች ይጭረው ነበር፤ እኔን ለማስጮህ ሆነ ብሎ ነው። «አቦ ተው!» እያልኩ፣ ጆሮዬን ይዤ፣ ሮጬ ሄጄ እከፍትለት ነበር፣ እሱም ላብ በላብ በሆነ ክንዱ አንገቴን አንቆ እየጎተተ ይዞኝ ይገባ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ እንደኔ የታደለች ልጅ ያለች አይመስለኝም ነበር።

ከድር ሯጭ ነበር። ሕልሙም የእኛም ሕልም አንድ ነበር፤ መስከረም ላይ አሰላ በሚደረገው ምልመላ ክለብ መግባት። የግንቦትን አዳማ ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ አይበል፣ በዚያ ሙቀት ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፤ ታዲያ አንድ ቀን ከድር ከአሰልጣኙ አዲስ ነገር ተምሮ መጣና ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ በጀርባው ተዘረረ። ከእግር ጣቱ ጀምሮ እስከ ግንባሩ ሰውነቱን ፈታ ፈታ አድርጎ፣ ትንፋሹን አርግቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ በልቡ ይሮጠው ጀመር። እናቴ ከላይ ቆማ አየችውና፣

«አንተ ልጅ፣ ተኝቶ መሮጥ ደግሞ ከየት የመጣ ሞያ ነው?» አለችው።

«ሳቂ ሳቂ። እስቲ አንቺም ጋደም በይና ሞክሪው፣ እማ።»

ለሳቅ ብላ ጋደም አለች፣ ስትነሳ ግን ስንት ጊዜ ያሰቃያት የራስ ምታት ለቀቃት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ምሳ በልታ፣ ዙሁር ሰግዳ፣ ወደ ሱቋ ከመመለሷ በፊት ፍራሹን ሳሎን ላይ ዘርግታ «ኑ እንጂ» የምትለው እሷው ሆነች። ሦስታችን ጎን ለጎን እንጋደም ነበር። ከድር በዝግታ «እግራችሁን ልቀቁት… ትከሻችሁን ልቀቁት…» እያለ ይመራን ነበር፣ ሕጉም የእሱ ነበር፤ «በቃ እስክል ማንም ዓይኑን አይገልጥም። ውሻ ይጩህ፣ ሰው ይጣራ፣ የውጭ ድምፅ ነው፣ እንዲያልፍ ተዉት።» ከዚያ ክለብ ገብቶ የሚመለስበትን ቀን እንድናየው ያደርገን ነበር። ነገሩን ከነዝርዝሩ ካያችሁት ይሆናል ይል ነበር። እናቴ ከድር የክለቡን ቀይ ቱታ ለብሶ በበሩ ሲገባ ታይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጭረቱን ሰምቼ ሮጬ ስከፍትለት። ክረምቱን ሙሉ፣ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በራችን ላይ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያልፍ፣ እኛ ፍራሻችን ላይ ሆነን ቀይ ቱታ ስናይ ከረምን።

መስከረም ገባ፣ ከድር አሰላ ሄደ። እናቴ በሚመለስበት ቀን ሱቋን ሳትከፍት ዋለች፣ ወጥ ሠራች፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ለሚጠግኑት ለጎሚስታው ለኦቦ ቱሉ ሳይቀር «ዛሬ ቀይ ለብሶ ነው የሚመጣው» ብላ አወጀች። ከሰዓት በኋላ በሩ ዝም ብሎ ተከፈተ። አልመታውም፣ አልጫረውም። ከድር ሲሄድ የለበሰውን ያን የነጣ ካናቴራ እንደለበሰ፣ የእግሩ ጥፍር ደም ቋጥሮ፣ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ክፋት የላትም፣ አላህ ያውቃል፤ ሰፈሯ መሀል መንገድ እንደጠፋት ሰው ግራ ገብቷት ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

«እኔ ያየሁት እንዲህ አልነበረም» አለች።

«እኔም፣ እማ» አላት ከድር።

የተሠራው ወጥ ሳይነካ አደረ። ጥቅምት ላይ ከድር አቦምሳ ያለ ጓደኛው ብርቱካን የሚለቀምበት እርሻ ላይ ሥራ እንዳገኘለት ነገረንና ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ ወሬው እያጠረ መጣ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አንዱ ላንጋኖ አካባቢ አየሁት ብሎን እናቴ እዚያ ድረስ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

የኅዳር ንፋስ አቧራውን በየቀዳዳው እያስገባ ሳለ አንድ ቀን ከሶላት ተነሥታ፣ ስንት ጊዜ ተጠቅልሎ የከረመውን ፍራሽ ሳሎኑ ላይ ዘረጋችው።

«ነይ፣ ጋደም በይ፣ ሐያቴ። እናመጣዋለን» አለችኝ።

በጋውን በሙሉ እንዲሁ ሆነ። አሁን የምትመራው እሷ ነበረች፣ ቃሉ ግን የእሱ ነበር፤ «ትከሻሽን ልቀቂው… የውጭ ድምፅ ሲመጣ እንዲያልፍ ተዪው…» እናቴ አሁንም ቀይ ቱታውን ታይ ነበር። እኔ ቱታው አልመጣልኝ እያለ የማየው ደም የቋጠረ ጥፍሩን ነበር፤ የበሩ ድምፅ ግን እያደር እየጠራልኝ መጣ። መታ፣ መታ፣ ጭረት። አንዳንዴ ከመጥራቱ የተነሣ ፀጉሬ ይቆም ነበር፤ ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያው ብቻ ነው።

ሙቀቱ ተመልሶ በመጣበት በግንቦት አንድ ቀን እንደልማዳችን ተጋድመን ሳለ ድምፁን ሰማሁት። መታ፣ መታ፣ ከዚያ ያ ረጅም ጭረት። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ፈገግ አልኩ፤ ዛሬስ ጎበዝኩ፣ ቁርጥ የእሱን ድምፅ አመጣሁት ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣ። ጭረቱ በዚህኛው ቀስ ያለ ነበር። እንዲያልፍ ተውኩት፣ አለፈ። እናቴ ብዙ ቆይታ «በቃ» አለች፣ ተነሣን። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ዛሬስ ድምፁን ሰማሁት፣ ሐያቴ! በሩን ሲጭረው ሰማሁት!»

«እኔም!» አልኳት።

ተያየን። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እያየሁት ጠፋ። ሮጠን ወጣን፣ በሩን ከፈትን፣ ማንም የለም። እጀታው ላይ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ተንጠልጥሏል። ኦቦ ቱሉ ከጎማቸው ላይ ቀና ብለው፣

«አዴ ዘይነባ፣ ምነው፣ ልጁ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ደከመው እኮ! ገበያ ናቸው መሰል፣ እኔ ጋ ቁጭ በል አልኩት። ‹አይ፣ በዚህ ሰዓት ቤት ናቸው› አለኝና ሄደ» አሉ።

ቤት መሆናችንን ያውቅ ነበር። እሱ ከወደቀ በኋላ ግን ያን ነገር እንደምንቀጥልበት፣ በራሱ ሕግ ታስረን እሱኑ ስንጠራ እንደምንውል በምን ይወቅ? ሰምተው ዘጉብኝ ብሎ ነው የሄደው። እናቴ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ ባጃጅ ውስጥ ገባች፣ እኔም ተከትያት፤ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቶቹ «አሰላ! አሰላ!» እያሉ ሲጮኹ በየመኪናው መስኮት «ከድር! ከድር!» እያልን ዞርን፣ ሰው ሁሉ ያየናል፣ ከድር የለም። ብርቱካኑን እናቴ አላስነካችም። ቡፌው ላይ ተቀምጦ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ እዚያው ደረቀ።

በማግሥቱ መዶሻ ከኦቦ ቱሉ ተውሳ የበሩን መወርወሪያ በገዛ እጇ ነቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ እየገባ የተሰጣ ልብስ ይበላብን ነበር፣ አንድ ባልዲም ተሰርቆብናል፣ ማን ደፍሮ ዝጊው ይበላት?

ባለፈው ፋብሪካችን አንድ አሠልጣኝ መጣና «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መሆን የምትፈልጉትን እዩ» አለን። ልጆቹ ሁሉ ጨፈኑ፣ እኔ ብቻ አፍጥጬ ቀረሁ። አሠልጣኙ አልተሳሳተም፤ ሰውነት ይፈታል፣ ልብ ይረጋል፣ ከድር ለሩጫው ሲል ያመጣልን ነገር ደግ ነገር ነበር። እኔ ግን አልችልም፣ አልችልም።

እናቴ አርጅታለች፣ ዛሬም ግን ከዙሁር በኋላ ፍራሿ ላይ ትጋደማለች። ያለፈው እሑድ «ምን ለብሶ መጣ?» አልኳት።

«ልብሱን ተይኝ። ቢሻው ራቁቱን ይምጣ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አጠገቧ ጋደም ልል ስል በክርኗ ገፋችኝ፤ «ተነሺ! እኔ እጠራዋለሁ፣ አንቺ በሩን እዪ።»

ዱካዬን አውጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከማዶ ኦቦ ቱሉ እጃቸውን አነሡልኝ። ያኔ በሩ ተዘግቶ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር፣ አሁን በሩ ክፍት ነው፣ እኔም ነቅቼ እጠብቃለሁ። ክፍት በር ግን ማንም አያንኳኳም። አንዳንዴ ተነሥቼ ገርበብ ላድርገው ይለኛል፣ ምናልባት ያን ጭረት ብሰማው ብዬ፣ እጄም እጀታው ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ እፈራና እተወዋለሁ።