ፉከራ የተከለከለበት ደቦ

ይህ ለመጻፍ የሚበቃ ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የክፍል ጓደኞቼ ስለ አገራቸው ሲያወሩ ስሰማ፣ የእኛ ቤት ታሪክ የአንድ አሮጌ መኪና ወሬ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ቢሆንም ከዚያ መኪና ጋር የኖርንበትን ጊዜ ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አባቴ የቀድሞው ሠራዊት ሾፌር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሶ፣ ከከተማው ዳር በአያቴ ግቢ ተቀመጠና የሰው መኪና እየጠገነ አሳደገን። አንድ ቀን በቡሬ መንገድ ዳር ለዓመታት ወድቆ የኖረ ኦራል፣ ያ ትልቁ የወታደር ጭነት መኪና፣ በሐራጅ ሲሸጥ ገዛው። ሞተሩ ዝጓል፣ ጎማው ተኝቷል፣ ጋቢናው የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። አስጎትቶ አመጣውና ከጓሮ ከጌሾው አጠገብ አቆመው።

እናቴ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ቢሉህ ምን ልትል ነው?»

«እህል ልጭንበት። ከፈረስ ቤት ድንች፣ ከማንኩሳ በርበሬ።»

«አንተ እህል ትላለህ። እነሱ የሚሰሙት ሌላ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌያችን ሚሊሻ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየና «ጋሼ፣ መድፉንስ የት አስቀመጡት?» ብሎ ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። እንደ እሱ ወታደር የነበረ አንድ ጎረቤታችን ለጥያቄ ተብሎ ተወስዶ፣ ለወራት የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ውሻችን በጮኸ ቁጥር የያዝነውን ትተን ወደ በሩ እናይ ጀመር።

አባቴ ግን ሥራውን አልተወም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብሎኖቹን በነጭ ጋዝ እያጠብኩ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ እደረድርለታለሁ። አረንጓዴውን ቀለም ፍቆ ሰማያዊ ቀባው፤ እናቴ ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈሰች። ቀለሙ ስስ ነበርና ዝናብ ሲመታው አረንጓዴው ከሥር ይታይ ጀመር።

በግንቦት ሞተሩ ተገጥሞ አለቀ። ደህና ባትሪ ስለሌለን በግፊ ካልሆነ አይነሣም። አባቴም እንደ አጨዳ ደቦ ጠራ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከገጠር የመንደሩን ሰው ይዞ መጣ። እናቴ ጠላውን ሳትቀዳ በፊት በሩ ላይ ቆመችባቸው።

«ወንድምጋሼ፣ በሞቴ፣ ዛሬ ፉከራ የለም።»

«ደቦ ያለ ፉከራ? ቀብር ነው እንዴ የጠራሽን?»

«አየሩን ያውቁታል። መኪናው የማን እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እሺ፣ አፌን በጋቢዬ እይዘዋለሁ» አለና ሰዎቹን አሳቀ።

አባቴ መሪውን ይዞ ሰዎቹ ከበር አውጥተው ወደ ቁልቁለቱ ገፉት። ድምፅ አልነበረም፤ ትንፋሻቸውና የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። መኪናው ደጋግሞ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ሞተሩ ያዘ። አጎቴ ጋቢውን ወረወረና ዱላውን ሰብቆ ዘለለ።

«ዘራፍ! የብረት ፈረስ ተነሣ! እንግዲህ ማን ይመልሰው!»

ሰዎቹም ተቀበሉት። ዕድሜ ልካቸውን ደቦ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ክፉ አስበው አልነበረም። እኔ ያየሁት አባቴን ነው። ያን ሁሉ የደከመበት ሞተር ሲነሣ አልሳቀም፤ አመድ መስሎ ቁልፉን አዞረና አጠፋው።

ከቀትር በፊት ሚሊሻው ከፖሊሶች ጋር መጣ።

«ማነው የማይመለሰው?» አለ። አሁን አይስቅም።

አጎቴ ወደ ፊት ወጣ። «አፉ የእኔ ነው። እኔን ውሰዱኝ።»

«መኪናው ግን የእሳቸው ነው» አለና አባቴን ወሰዱት። እናቴ አላለቀሰችም። ተከትላው ሄዳ ትከሻው ላይ ጋቢ ደረበችለትና ተመለሰች።

አጎቴ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፣ ሽማግሌዎች ገቡ፣ አባቴም በዋስ ተለቀቀ። ማንም እንዳልመታው ነገረን። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመኪናው ከማን ጋር ልትሸፍት ነበር? እህል ቢል አላመኑትም። ክረምቱን ሙሉ በተጠራ ቁጥር እየሄደ ያንኑ መለሰ። በሄደ ቁጥር እናቴ እስኪመለስ እህል አትቀምስም ነበር። መኪናውን ለማስነሣት ዳግመኛ አልሞከረም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በኅዳር አንድ የቡሬ ነጋዴ ሊገዛው መጥቶ ጠየቀው። አባቴ ዋጋ አልተከራከረም። እስከ በሩ እንኳ አልነዳውም፤ ቁልፉን ባትሪ ይዞ ለመጣው የነጋዴው ሾፌር ሰጥቶ ወደ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እናቴ መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ወዲህ አባቴን ከጣቢያ የጠራው የለም።

ኦራሉ ከግቢያችን የወጣው ኅዳር 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።