ፍሬዋ ያለቀ ጠገራ ብር

ወረታ ላይ ብር መርማሪ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ ጌታዬ አቶ ጫኔ ጽሕፈት ትችላለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። «እጅህን ዘርጋ» አሉኝና አንዲት ጠገራ ብር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም ጌታው። ግን ደኅና አድርጋ የምትበላ ትመስላለች።»

ሳቁ። «የባሕር ማዶ ንግሥት ናት። እሷን ተዋት፤ ትከሻዋ ላይ ጌጥ አለ፣ በዙሪያው ያለውን ፍሬ ቁጠር።»

ዘጠኝ ቆጠርኩ።

«ዘጠኝ ከሞላ ተቀበል፤ ከጎደለ መልስ። ሥራህ ይኸው ነው።»

ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ እስከ ዘጠኝ መቁጠር ግን አያቅተኝምና ተቀጠርኩ።

ዕቃችን ጥቂት ነበር፤ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን፣ የበሬ ቆዳ ስልቻ። ብሯን ድንጋዩ ላይ ጣል ሳደርጋት ጥርት ብላ ከጮኸች ደኅና ናት። እንደ ገል ቀጭ ካለች እርሳስ ገብቶባታል። ባንገት ላይ የኖረች፣ ማለት የተበሳች፣ ዋጋዋ ይቀንሳል። ከእኔ በላይ ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው በላይ አቶ ጫኔ። ከእኔ በታች ወደ አንበሳሜ ገበያ የምንወጣባቸው ሁለት በቅሎዎች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ሲፈልጉ ነው የሚታዘዙኝ።

ገበሬው ጠገራውን ያመጣል፤ እኛ በወረቀት ብር እንለውጥለታለን። ስልቻው ሲሞላ በጭነት መኪና ጎንደር ባንክ ቤት ይሄዳል። ወረቀቱን ያመነው ሰው ያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። አንዲት አሮጊት የሰጠኋቸውን ብር ፀሐይ ላይ ዘርግተው ካገላበጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ምስጥ ቢበላብኝ ምስጡን ነው የምከሰው?» አሉኝ። 

እኔ አንድ ስልቻ በሞላ ቁጥር አንዲት ጠጠር ቅል ውስጥ እጥል ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ጠጠሮቹን አፈሳቸውና አያቸዋለሁ። ከብቱ በደኅና ዋጋ በተሸጠ ዓመት ጠጠሬ ጥቂት ነው፤ ሰዉ ጠገራውን ገንቦ ውስጥ ከትቶ ይቀብረዋላ። የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን በዋጠው ዓመት ደግሞ ገንቦው ይቆፈራል፣ ቅሌም ይሞላል። የፎገራን ሜዳ ደግና ክፉ ዘመን በዚያች ቅል አየሁት።

አንድ ጊዜ ከጎንደር ባንክ ቤት አንድ ሹም ሚዛናችንን ሊያዩ መጡ። መነጽር ያደረጉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ብር የት ነው የሚሄደው?»

«ባሕር ማዶ ይሸጣል። በምትኩ የውጭ አገር ገንዘብ ይመጣል። ቤንዚኑን፣ መድኃኒቱን የሚሸጥልን አገር የእኛን ወረቀት አይቀበልማ! ስለዚህ መንግሥት የሌላ አገር ገንዘብና ወርቅ አከማችቶ ያስቀምጣል፤ መጠባበቂያ ነው።»

«ሁልጊዜ ሙሉ ነው?»

«የት ሆኖ! ቡናውና ቆዳው በደኅና ሲሸጥ ከፍ ይላል። ዋጋው ሲወድቅ ወይም ብዙ ዕቃ ስንገዛ ዝቅ ይላል።» አቧራ በጠጣው ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው ወጣ ገባ የሚል መሥመር አሰመሩ።

መሥመሩን ሳይ ቅሌ ትዝ አለኝ። «ይህማ የእኛ አገር ሰው ገንቦ ነው! እሱም የሚያከማቸው የሌላ አገር ንግሥት ነው።»

ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አቶ ጫኔ ግን አልሳቁም። ገንቦውን የቆፈረን ሰው እንደ ወደቀ ሰው ነበር የሚያዩት። «የአባቱን ብር አውጥቶ የሚበላ!» ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ከፋ። ጎርፉ እንደሸሸ፣ ጥቅምት ላይ፣ አያ ቢተው የሚባሉ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው መጡ። ርብ ከጥማዱ አንዱን በሬ ወስዶባቸዋል። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ በዚያች ሳምንት ካላረሱና ሽምብራ ካልዘሩ ሜዳው ይደርቃል፣ ዓመቱም ያልፋቸዋል። የሚገዙት በሬ ወረታ ገበያ ላይ ቆሟል፤ የቀራቸው ብሩን መለወጥ ብቻ ነው።

አርባ ጠገራ ፊቴ ዘረገፉ። እንደዚያ የሚያበራ ብር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አንስቼ ፍሬውን ልቆጥር ብል ፍሬ የለም። ሌላዋን አነሳሁ፤ እሷም ልሙጥ። የንግሥቲቱ አፍንጫ ሳይቀር ጠፍቷል።

«አያ ቢተው፣ ይህን ብር ምን አደረጉት?»

«አጠብኋት! ጎርፍ በሸሸ ቁጥር ገንቦውን አውጥተን በርብ አሸዋና በአመድ እንፈትጋታለን። አያቴ ያጥብ ነበር፣ አባቴም አጠበ። እኛ ቤት ቆሻሻ ብር አይቀመጥም።»

ጸሐፊው ከወዲያ ጮኸ፤ «ኧረ አያ ቢተው፣ ንግሥቲቱን እኮ አጥበው ጨረሷት! ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይታጠብም!»

አያ ቢተው አልሳቁም። እጃቸው ብሩ ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ አትቀበለኝም?»

አልቀበልም ማለት ነበረብኝ፤ ደንቡ ነው።  እኔ ግን ድንጋዩ ላይ አንዷን ጣልኳት፤ ጥርት ብላ ጮኸች። ሌላዋም ጮኸች። አርባውንም ጣልሁ፤ አርባውም ጮኹ። ተነሥቼ አቶ ጫኔ ዘንድ ገባሁ።

«ጌታው፣ ጎንደር ላይ ፍሬ ይቆጥራሉ ወይስ ይመዝናሉ?»

«ይመዝናሉ።»

«ታዲያ እኛ ለምን እንቆጥራለን?»

«አባቴ ይቆጥር ስለነበር ነዋ» አሉና ራሳቸውም ፈገግ አሉ። «ሚዛኑን አምጣው፤ ባለብሩንም ጥራቸው።»

የአያ ቢተውን አርባ በአንዱ ሳህን አደረግን። በሌላው ዘጠኝ ፍሬ የሞላባቸውን አንድ በአንድ ደረደርኩ። በሠላሳ ዘጠነኛው ሚዛኑ ቀጥ አለ። በሦስት ትውልድ አሸዋው የበላው አንዲት ጠገራ ብቻ ነበር።

«የሠላሳ ዘጠኝ ይከፈላቸው» አሉ አቶ ጫኔ። ወደ አያ ቢተው ዞረው ግን አላስቻላቸውም። «የአባትዎን ብር እንዲህ አውጥተው ሲጨርሱ አያሳዝንዎትም?»

«ለምን ያሳዝነኛል?» አሉ አያ ቢተው ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ እየቋጠሩ። «አባቴ ብሩን የቀበረው በሬ ለሞተ ቀን ነው። በሬው ሞተ፤ አወጣሁት። ደግሞ ሽምብራው ሲሸጥ እቀብራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ቀይ በሬ እየነዱ በደጃችን አለፉ። ጥር ላይ አንድ ሸክም የሽምብራ እሸት አምጥተው በሚዛኔ ላይ ጣሉት። «ፍሬዋን ቁጠር!» አሉኝ። ጸሐፊው ሳቁን መግታት አቅቶት ከበርጩማው ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ጫኔ ፍሬ ማስቆጠሩን ተዉ። ገንቦውን የቆፈረንም ሰው ከዚያ በኋላ ሲያሙ አልሰማሁም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እኚያ የጎንደር ሹም ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ጠቆር ብሏል።

«ምነው ጌታዬ?»

«መጠባበቂያው ዘንድሮ ወረደ።»

«ምን ተገዛበት?»

 «የመንገድ መሥሪያ መኪና። መድኃኒት።»

«መጡ?»

«መጡ።»

«እንግዴህ ቁጭ ይበሉ፤ ሽምብራ እንብላ» አልኳቸው።

እየቆየ ሰዉ ወረቀቱን ለመደ፤ ጠገራው ከሜዳው ተለቅሞ አለቀ፤ ሥራዬም አብሮ አለቀ። ቅሏ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ አለች።

እናንተ አሁን በባንክ መስኮት የተቀመጣችሁ ልጆች ስለ አገር የውጭ ገንዘብ ከፍታና ዝቅታ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ነው። ብር ሲመጣላችሁ መዝኑት። ክምችት ወረደ ሲሏችሁ ደግሞ በሬው ተገዛ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።