ኮረሪማዋና የዕድሩ አግዳሚ

ወንድሜ ኮረሪማዋን ያመጣት ከቤሌ መንገድ ነው። አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር። ጠዋት ከሶዶ መናኸሪያ ሰው ጭኖ ይወርዳል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ማንጎ ይዞልን ይመጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ከብብቱ አወጣና እናታችን ጭን ላይ አስቀመጠው። አፈሩ ያልተራገፈ እርጥብ ሥር ነው። ከጎኑ አንድ ቀንበጥ ብቅ ብሏል።

«ምንድን ነው ይሄ? ዝንጅብል ነው?» አለች እናቴ።

«ኮረሪማ ነው። ከእንግዲህ ለመስቀል ቅቤሽ ኮረሪማ ከገበያ አትገዢም።»

«መቼ አፍርቶ?»

«ሦስት ዓመት ይፈጃል አሉኝ።»

«ሦስት ዓመት!» ብላ ሳቀች። «ቅቤው እስከዚያ ይጠብቅሃል?»

እሷ ለመስቀል ቅቤ ማጠራቀም የምትጀምረው ገና በጋው ሳያልቅ ነው። ሲነጠር ሽታው ከአጥር ውጭ ይሰማል። ወንድሜ ያን ሽታ ይወድ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፣ ግን ማድ ቤት ገብቶ ከድስቱ ሥር መቀመጥ አያሳፍረውም።

ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ እንሰቶቹ መሀል ተከላት። እዚያ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ የምትገባው በቁርጥራጭ ነው። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ተክል ያለ ፀሐይ አያድግም ብለው በፕላዝማ አስተምረውን ስለነበር፣ ነቅለን ደጅ እንትከላት አልኩት።

«አንተ ተማሪ» አለኝ፣ «ፀሐይ የምትፈልገው በቆሎ ናት። ይቺ አራስ ናት። አራስ ፀሐይ ላይ ትወጣለች?»

ከዚያ በኋላ ስሟ አራስ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው እሷ ላይ ነው፣ ሳሙና ሲቀባ ብቻ ፈቀቅ ይላል። የደረቀ የእንሰት ቅጠል እየሰበሰበ ሥሯን ያለብሳታል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ ክላክስ እያንጫረረ ይጮኻል፦ «አራስ ጠያቂው! መኪናው ሞላ እኮ! ገንፎ አልቀረበልህም እንዴ?» ወንድሜም ፊቱ ውኃ እያንጠባጠበ ይሮጣል።

በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ድረስ ደረሰች። ቅጠሏን በጣቴ ሳሸው ይሸታል። ያን ሽታ አሁንም... ይቅር።

ወንድሜ ቆላ ወርዶ ታሞ መጣ። ወባ ነው ተባለ፣ ታከመ፣ ተነሣ። ደግሞ ወደቀ። መኪናው ሌላ ረዳት ይዞ ሄደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አራሷ እንዴት ዋለች?» ብሎ ነው። ውኃ አጠጥቻት ነው የምገባው፣ ደህና ዋለች እለዋለሁ። አንድ ቀን ደግፌ አወጣሁት። ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ ስትደርስ ዱካውን ወደ ጥላው አስጠጋሁለት። «እኔንም አራስ አደረጋችሁኝ» አለ። ሳቅን።

ያረፈው ጥር ላይ ነው። ቀኑን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የዕድሩ አግዳሚዎች ተደርድረው ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ሥራ ላይ ናቸው። ለቅሶ ቤት የእንሰት ቅጠል ያስፈልጋል፣ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ዳቦ ይጠቀለልበታል። ደግሞ የድንኳኑ ገመድ ወደ ጓሮ ያልፋል። ስለዚህ እንሰቶቹን ቆረጡ። ማንም ክፉ አላሰበም። እኔም ብሆን በሰው ለቅሶ ይህንኑ ሳደርግ ኖሬአለሁ።

በሰልስቱ ወደ ጓሮ ስሄድ ኮረሪማዋ ሜዳ ላይ ቆማለች። ከላይዋ ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ። ቅጠሎቿ እንደ ወረቀት ተጠቅልለው ጫፋቸው ነዷል። ግማሹ ግንድ ተረግጦ ተሰብሯል። የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? ሰው ለወንድሜ እያለቀሰ፣ እኔ ኮረሪማዋን ፀሐይ መታት ልበል?

አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀንስ አንዱን አግዳሚ ወሰድኩ። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስደግፌ ከላይዋ አጋደልኩትና የተረፈውን የእንሰት ቅጠል አለበስኩት። ጎጆ መሰለ። ውኃ አጠጣኋትና ተመልሼ ከሰው ጋር ተቀመጥኩ።

ድንኳኑ ሲነሣ የዕድሩ ዳኛ ንብረቱን ሊረከቡ መጡ። ሰሃን ቢጎድል ሰፈሩን የሚያስፈትሹ ሽማግሌ ናቸው። አግዳሚዎቹን በከዘራቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ።

«አንድ ጎድሏል።»

«አባባ፣ ደግመው ይቁጠሩ» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አንተ ቁጠር፣ ዓይን ያለህ!»

ፍለጋው ጓሮ ደረሰ። እኔ ተከትዬ ቆምኩ። ዳኛው ቅጠሉን በከዘራቸው ገለጥ አድርገው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የዕድር ወንበር እዚህ ምን ይሠራል?»

እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ከቀብሩ ወዲህ ከለቅሶ በቀር ድምፅዋን አልሰማንም። እንዲህ አለች፦ «አራስ ናት፣ አባባ። የልጄ ናት። ፀሐይ እንዳይመታት ነው።»

ሽማግሌው የገለጡትን ቅጠል መልሰው አስተካከሉት። «እስከሚቀጥለው ለቅሶ ይቆይ» አሉ። «ያን ዕለት ግን ሳልጠይቅህ ታመጣለህ።»

እንግዲህ የኮረሪማዋ ዕድሜ በሰፈሩ ሰው ዕድሜ ላይ ተንጠለጠለ። ከተቆረጡት እንሰቶች የተረፉት አዲስ ቅጠል እስኪያወጡ ማንም መሞት የለበትም። ከአጥራችን ማዶ አንድ የሚያስሉ አዛውንት ነበሩ። ሳላቸውን በሰማሁ ቁጥር ወደ እንሰቶቹ አያለሁ። እናቴ ሾርባ በሰሃን ትሰጠኝና «ሮጠህ አድርስላቸው» ትለኛለች። እሮጣለሁ። አዛውንቱ ይመርቁኝ ነበር። ለማን ብዬ እንደምሮጥ ለራሴም አልገባኝም።

በልጉ ዘነበ። ከመሀል የእንሰቶቹ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጣ፣ ከዚያ ተዘረጋ። ከኮረሪማዋ ሥር አዲስ ቀንበጥ አየሁ። ትምህርት ቤት ለመሄድ ደብተሬን ይዤ ነበር፣ እዚያው ቁጭ አልኩ። ወንድሜን ጠርቼ ላሳየው ፈለግሁ። ልጠራው አፌን እስክከፍት ድረስ መሞቱን ረስቼ ነበር።

አዛውንቱ ሰኔ ላይ አረፉ። ከእናቴ ጋር ተያየን። «ውሰድላቸው» አለች፣ «የሰው ለቅሶ ነው።» አግዳሚውን በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩ። እግሩ ሻጋታ አብቅሏል። ዳኛው ከሩቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ስትወጣ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አንዱ አዲስ ቅጠል በላይዋ ጎንበስ ብሏል። ጥላው ደርሶላታል። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ቀንበጡ ጥላ ውስጥ ነበር።

ያፈራችው በተከታዩ ዓመት መስከረም ነው። ኮረሪማ ፍሬውን እላይ አይሰቅልም፣ ከሥሩ አፈር ሊነካ ሲል ቀይ ሆኖ ይቀመጣል። ደረቁን ቅጠል ካልገለጡ አይታይም። እናቴ ለቀመችና በክር ሰካቻቸው፣ ከምድጃው በላይም ሰቀለቻቸው። ሲደርቁ ግማሹን ለቅቤው ወቀጠች። ከቀሩት የተወሰኑትን በወረቀት ጠቅልላ ለዳኛው ይዘን ሄድን።

ሽማግሌው አንዱን ሰንጥቀው አሸተቱ። «ምንድን ነው፣ የአግዳሚው ኪራይ ነው?»

«የአራሷ ነው፣ አባባ» አለች እናቴ።

ዳኛው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው፣ ለወለደች ሴት ቤት እንደሚባለው፣ በቀስታ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ታልቅስ ትሳቅ አላየሁም። ስንመለስ ትተነው የሄድነው ቅቤ ረመጥ ላይ ነበር፣ ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቷል። እሷ ወደ ድስቱ ሄደች። እኔ ጆግ ውኃ ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩና ፊቴን አራሷ ላይ ታጠብኩ።