ቲቸር አልማዝ የመለሱልኝ አሻንጉሊት

ዛሬ ሴቻ ሰፈር፣ ስብስቤን ይዤ በቀረብኩበት የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዬ ቲቸር አልማዝ ከቦርሳቸው አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አውጥተው «ያንቺ ናት፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

ተቀብዬ ጸጉሯን ዳሰስኩ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ላንቴ ቀበሌ ስንኖር፣ እናቴ ከአባቴ ሽመና ቁርጥራጭ ሰፍታልኝ ነበር፤ ጸጉሯ የእንሰት ቃጫ ነው። ክፍል ውስጥ ስጫወትባት ቲቸር ነጠቁኝ። በዚያው ዓመት እናቴ አረፈች። «መልሱልኝ» ለማለት ግን ፈራሁ።

ካደግኩ በኋላ ያገኘሁትን አሻንጉሊት ሁሉ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ አሮጌም፣ ዘመናዊም። አሁን ሶፋው በአሻንጉሊት ስለተያዘ ባለቤቴ ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው።

ቲቸርን «ለምን አልጣሏትም?» አልኳቸው።

«እናትሽ ማረፏን የሰማሁት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ መጣል አቃተኝ፤ አንቺን ደግሞ የት ላግኝሽ? ስምሽን ገና አሁን የትርኢቱ ማስታወቂያ ላይ አየሁት።»

አቅፌያቸው አለቀስኩ።

የትርኢቱ አስተባባሪ መጥቶ «አሻንጉሊቷ ትንሽ አርጅታለች፣ ከኋላ ብትሆንስ?» አለኝ።

«ከፊት ነው የምትቆመው!» አልኩት። ፕላስቲኮቹን ገፋ አድርጌ መሃል አቆምኳት።

ከሰኞ ጀምሮ በየቀበሌው እየዞርኩ እናቶች በእጃቸው የሰፏቸውን አሻንጉሊቶች እፈልጋለሁ። ማንም አይመልሰኝም።

የእናንተስ የት ደረሰች? ማን ሰፋላችሁ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፤ ቤት ካለች ደግሞ እንዳትጥሏት፣ እመጣለሁ።